የትናንቱን ዕዳ የዛሬው እንግዳ አይክፈል

 

ዛሬ ብዙዎቻችን ሱረቱል ካህፍን አንብበናል፤ ያላነበብንም ፀሐይ ሳትጠልቅ እናነባለን ኢንሻአላህ። በሱራው ውስጥ ካሉት ታሪኮች አንዱ የሙሳ (ዐ.ሰ) እና የኸድር (ዐ.ሰ) ጉዞ ነው። የጀልባዋንና የልጁን ነገር ሁላችንም እናስታውሳለን። የመጨረሻውን፣ የግድግዳውን ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ ቶሎ እናልፈዋለን። ዛሬ እዚያ ግድግዳ ሥር ትንሽ እንቀመጥ።

ሁለቱ መንገደኞች አንዲት ከተማ ደረሱ። ነዋሪዎቿን የሚበላ ነገር ጠየቁ፤ ነዋሪዎቹም ሊያስተናግዷቸው እንቢ አሉ። እዚያው ከተማ ውስጥ ሊወድቅ የደረሰ ግድግዳ አገኙና ኸድር አቀኑት። ዋጋ አልጠየቁበትም። ሙሳም (ዐ.ሰ) ለዚህ ሥራ ክፍያ መቀበል ይቻል እንደነበር አነሱ (አል-ካህፍ 18፡77)።

ይህ አስተያየት ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ሁለቱ ሰዎች ርቧቸዋል። ከተማው ቁራሽ ነፍጓቸዋል። ታዲያ ለእንዲህ ያለ ሕዝብ በነፃ ላብ ማፍሰስ ለምን? ቢያንስ የዕለት ጉርስ የሚሆን ዋጋ ቢጠየቅ ምን ነውር አለው? ማናችንም በቦታው ብንኖር ይህንኑ እናስብ ነበር። ምናልባትም ግድግዳው ሲወድቅ ቆመን እናይ ነበር።

መልሱ አንቀጽ 82 ላይ መጣ። ግድግዳው የሁለት የቲም ልጆች ነበር። ከሥሩ የእነሱ የሆነ የተቀበረ ሀብት አለ፤ አባታቸውም ደግ ሰው ነበር። አላህ ልጆቹ አድገው ሀብታቸውን እንዲያወጡ ፈለገ። እስቲ አስቡት። ምግብ የነፈጉት ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ ግድግዳው ቢወድቅ የሚጎዱት ደግሞ ሌሎች ናቸው። ኸድር በከተማው ሰዎች ተቆጥተው ጥለው ቢሄዱ ኖሮ፣ ቅጣቱ የሚያርፈው ማንንም ባልነፈጉ ሁለት ልጆች ላይ ነበር።

የዛሬው ጥያቄያችን ከዚህ ይነሳል። የማናውቀው ሰው እርዳታችንን ሲፈልግ፣ የራሳችን ጥቅም፣ ድካምና ቁስል ደግሞ «እለፈው» ሲለን፣ ማንን እንስማ?

እንዲህ ያለውን ብዙዎቻችን አይተናል። ማለዳ ነው፤ የታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ወጣት በድንገት ይወድቃል። ሰውነቱ ይንፈራገጣል፣ አፉ አረፋ ይደፍቃል። ሰልፈኛው ወደ ኋላ አፈግፍጎ ክብ ይሠራል። አንዱ «ክብሪት! ክብሪት አምጡ!» ይላል። ሌላው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። አንዷ እጇን አፏ ላይ ጭና «ያ አላህ!» እያለች ትቆማለች። በብዙዎቹ ልብ ውስጥ ግን ተመሳሳይ ድምፅ አለ። «ብነካው ምን ይመጣብኛል? ከኪሱ የሆነ ነገር ቢጠፋ እኔን ቢይዙኝስ? ሥራ ረፍዶብኛል። ሌላ ሰው ያንሳው።» ከዚያ ታክሲው ይመጣል፤ ሰው ይሳፈራል።

እነዚህ ሰዎች ክፉዎች ናቸው? አይመስለኝም። ብዙዎቹ ማታ ቤት ገብተው ነገሩን ሲያወሩት ከልባቸው ያዝናሉ። እዝነቱ ልባቸው ውስጥ ነበረ። ወደ እጃቸው ሳይደርስ ግን መንገድ ላይ ሰበብ አገኘውና አስቀረው። ስለዚህ ሰበቦቹን አንድ በአንድ እንያቸው፤ የሁላችንም ናቸውና።

«ከዚህ በፊት ተታልያለሁ»

ይህ በከተማችን በጣም የሚሰማ ነው። የሐሰት የሐኪም ወረቀት ይዞ የሚለምን አለ። «የመሳፈሪያ አጣሁ» እያለ በየቀኑ እዚያው ቦታ የሚቆም አለ። አንዴ የተታለለ ሰው ልቡ ይጠነክራል፤ ሁለቴ የተታለለ «ሁሉም ሌባ ነው» ይላል። ስሜቱ የሚገባ ነው። መታለል ያማል።

ግን ግድግዳውን እናስታውስ። ትናንት ያታለለን ሰውና ዛሬ ፊታችን የወደቀው ሰው አንድ አይደሉም። የሚያገናኛቸው ነገር ቢኖር ሁለቱንም አለማወቃችን ብቻ ነው። አንዱ የበደለንን ከሌላው መቀበል በየትኛውም ችሎት ፍርድ አይባልም። ቁርኣን አንዲት ነፍስ የሌላዋን ሸክም እንደማትሸከም ደጋግሞ ያስተምረናል። እኛ ግን ሳናስተውል የአታላዩን ሸክም በተጎጂው ጀርባ ላይ እንጭናለን።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰደቃ ሊሰጥ በሌሊት ስለወጣ ሰው ነግረውናል። በመጀመሪያው ሌሊት ሰደቃው ሌባ እጅ ገባ፤ በሁለተኛው ዝሙተኛ ሴት እጅ፤ በሦስተኛው ሀብታም እጅ። ሰዎች በየማለዳው ይህንኑ ያወሩ ነበር። ሰውየው ግን በየጊዜው አላህን እያመሰገነ እንደገና ለመስጠት ወጣ። በመጨረሻ የተነገረው፣ ሌባው ምናልባት ከሌብነቱ፣ ሴቲቱም ከዝሙቷ ሊታቀቡ እንደሚችሉ፣ ሀብታሙም ትምህርት አግኝቶ ከሀብቱ ሊሰጥ እንደሚችል ነው። ሰደቃው አልባከነም።

ሂሳቡንም ተመልከቱ። ለአታላይ ሃያ ብር ብሰጥ የማጣው ሃያ ብር ነው፤ ኒያዬ አላህ ዘንድ አይጠፋም። በእውነት የተቸገረውን «ሌባ ነው» ብዬ ባልፈው ግን ዋጋውን የሚከፍለው እሱ ነው፤ አንዳንዴም በሕይወቱ። ሁለቱ ስህተቶች በሚዛን እኩል አይደሉም።

«እኔ ራሴ ረዳት ፈላጊ ነኝ»

ይህ ሰበብ ከእጅ ማጠር የሚነሳ ነው። ሥራ ፈላጊ ወጣት፣ የኪራይ ቀን የደረሰባት እህት፣ ቤተሰብ እጁን የሚያይ ልጅ «መጀመሪያ እኔ ልቁም፤ ከዚያ ሰው አነሳለሁ» ይላሉ። መልሱን ከዚያው ከሙሳ (ዐ.ሰ) ሕይወት እናገኛለን። ከኸድር ጋር ከመጓዛቸው ብዙ ቀደም ብሎ፣ ገና በወጣትነታቸው የሆነ ነው።

ሱረቱል ቀሰስ (28፡20-28) እንደሚተርክልን ሙሳ ከግብፅ የወጡት ሸሽተው ነው። ሊገድሏቸው እየተማከሩ መሆኑን አንድ ሰው ከከተማዋ ዳር ሮጦ መጥቶ ነገራቸው፤ እሳቸውም እየፈሩና ዙሪያቸውን እየቃኙ ወጡ። መድየን ሲደርሱ በአገሩ እንግዳ ናቸው። ከውኃው ዘንድ ሰዎች ተሰብስበው መንጋቸውን ያጠጣሉ። ከእነሱ ፈንጠር ብለው ሁለት ሴቶች መንጋቸውን ከውኃው እየመለሱ ቆመዋል።

በዚያ ሰዓት ከሙሳ በላይ እርዳታ የሚያስፈልገው ማን ነበር? የሚታደን ሰው ዓይን ውስጥ ባይገባ ይመርጣል። ውኃውን የከበቡት እረኞች ብዙ ናቸው፤ እሳቸው ብቻቸውን። ሆኖም ወደ ሴቶቹ ቀርበው ጉዳያቸውን ጠየቁ። ሴቶቹም እረኞቹ ሳይሄዱ ማጠጣት እንደማይችሉ፣ አባታቸውም ያረጁ ሽማግሌ እንደሆኑ ነገሯቸው። ሙሳ አጠጡላቸው። ከዚያ ዘወር ብለው ወደ ጥላ ሄዱና ከጌታቸው ለሚወርድላቸው መልካም ነገር ሁሉ ፈላጊ መሆናቸውን ለእርሱ ተናገሩ።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ የሌላውን ጉዳይ ፈጸሙ፤ ቀጥሎ የራሳቸውን ጉዳይ ለአላህ አቀረቡ። ለሴቶቹ «ስደተኛ ነኝ፣ ማደሪያ የለኝም» አላሏቸውም። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ጉልበት ግን ነበራቸው፤ ያንን ሰጡ።

ድሃ ሰው የሌለውን እንዲሰጥ አልተጠየቀም። ክንድ ያለው ክንዱን፣ ስልክ ያለው አንድ ጥሪ፣ ሰፈሩን የሚያውቅ ከገጠር ለመጣች እናት መንገድ ማሳየት፣ ማንበብ የሚችል ሆስፒታል በር ላይ ግራ ለገባቸው አባት ወረቀት ማንበብ፤ ይህ ሁሉ ከባዶ ኪስ የሚወጣ ነው። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) እያንዳንዱ ሙስሊም ሰደቃ እንዳለበት ሲናገሩ «የሌለውስ?» ተብለው ተጠየቁ። በእጁ ሠርቶ እንዲሰጥ፣ ያን ካልቻለ የተጨነቀን ችግረኛ እንዲረዳ፣ ያንንም ካልቻለ በመልካም እንዲያዝ፣ በመጨረሻም ክፉ ከማድረግ እንዲታቀብ ደረጃ በደረጃ አወረዱለት። በሩ ለማንም አልተዘጋም።

«ሌላ ሰው ይኖራል»

ወደ ታክሲ ሰልፉ እንመለስ። ወጣቱን ሰላሳ ሰው ከብቦታል። ሰላሳ ሰው ባለበት እርዳታ ቶሎ የሚደርስ ይመስለናል። ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 ቢብ ላታኔ እና ጆን ዳርሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህንኑ የመሰለ ነገር ፈትነዋል። ተማሪዎችን ለየብቻ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው በድምፅ ማጉያ እርስ በርስ እንዲነጋገሩ አደረጉ። በመሃል አንደኛው የሚጥል በሽታ እንደተነሳበት ሰው መጣራት ጀመረ፤ ድምፁ የተቀዳ ነበር፣ ሰሚዎቹ ግን እውነት መስሏቸዋል። ከበሽተኛው ጋር ብቻቸውን የሚነጋገሩ ከመሰላቸው ውስጥ 85 በመቶው ድምፁ ሳያበቃ እርዳታ ለመጥራት ወጡ። ሌሎች አራት ሰዎችም እየሰሙ ነው ብለው ካሰቡት ውስጥ ግን የወጡት 31 በመቶው ብቻ ነበሩ። ያልወጡትም ደንታ ቢሶች አልነበሩም። እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ መዳፋቸው ያልበው ነበር፤ የፈተናው ሰው ሲገባ መጀመሪያ የጠየቁት «ደህና ነው?» ብለው ነው። አዝነዋል፤ አልተነሱም።

ለእኛ ይህ ነገር ስም አለው። ዑለማዎች «ፈርዱ ኪፋያ» የሚሉት ግዴታ በቂ ሰው ከፈጸመው ከሌሎቹ ላይ ይነሳል፤ ማንም ካልፈጸመው ግን የሚችሉት ሁሉ ይጠየቁበታል። የጀናዛን ነገር በዚህ መልክ ሁላችንም ተምረናል። ከሞተ ሰው ላይ ያለብንን እንዲህ ካወቅን፣ ሊሞት ከሚችለው ሰው ላይ ያለብን ምን ያህል ይሆን? «ሌላ ሰው ይኖራል» የሚለው ሐሳብ ከግዴታው ነፃ የሚያወጣኝ ያ ሌላ ሰው በእርግጥ ከተነሳ ብቻ ነው። ካልተነሳ፣ ያ «ሌላ ሰው» እኔው ነኝ።

ስለዚህ ምን መደረግ እንዳለበት አስቀድመን እንወቅ። የሚጥል በሽታ በመንካትም ሆነ በአረፋው አይተላለፍም። ክብሪት ማሽተት አይረዳም። አፉ ውስጥ ምንም ነገር አይከተት፤ እንዳይንቀሳቀስ በኃይል አይያዝ። ድንጋይና ስለት ከአጠገቡ ይራቅ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ልብስ ይደረግ፣ መንፈራገጡ ሲበርድ በጎኑ ይተኛ፣ ሰዓት ይታይ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ይጠራ፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቁጥር 907 ነው፣ በአዲስ አበባ ደግሞ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ቁጥር 939 ነው። ብዙ ጊዜ ከዚህ ያለፈ ጀግንነት አይፈለግም።

«እቸኩላለሁ»

ሌላም ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ ነው፤ የሠሩትም ያው ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን ናቸው። ፕሪንስተን ውስጥ የሃይማኖት ትምህርት የሚከታተሉ ተማሪዎች ወደ ሌላ ሕንፃ ሄደው አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ታዘዙ። መንገዳቸው ላይ አንድ ሰው በር ሥር ጎብጦ እያሳለ ተቀምጧል። ብዙ ጊዜ ከነበራቸው 63 በመቶው ቆመው ረዱ። በጣም ዘግይታችኋል ከተባሉት ግን የቆሙት 10 በመቶው ብቻ ናቸው። ከተማሪዎቹ ገሚሱ ሊናገሩ የሚሄዱት ደግሞ መንገድ ላይ ተጎድቶ የተገኘን እንግዳ ሰው ስለመርዳት ነበር! ርዕሱን በአእምሮ መያዙ ያን ያህል ለውጥ አላመጣም።

ይህን ሰምተን በእነሱ አንሳቅ። እኛም ወደ ጁምዓ ስንጣደፍ፣ መስገጃ ትከሻችን ላይ ጥለን፣ ስንቱን አልፈን እንሄዳለን። ፉቀሃዎች ሰላት ላይ ያለ ሰው የሚሰምጥ ሰው ቢያይና ሊያድነው ቢችል ሰላቱን አቋርጦ እንዲያድነው ያስተምራሉ። የተቋረጠው ሰላት እንደገና ይሰገዳል፤ የሰመጠው ሰው አይመለስም። ሰላት እንኳ የሚጠብቅለት ነገር ካለ፣ ቀጠሮና ታክሲ ምን ያህል ይጠብቁ?

«የእኛ ሰው አይደለም»

ይህ ሰበብ ጮክ ተብሎ ብዙም አይነገርም፤ በልብ ግን አለ። ቋንቋውን ሰምተን፣ አለባበሱን አይተን፣ አንገቱ ላይ ያሰረውን ተመልክተን ርቀቱን እንለካለን።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ሰበብ ለማንሳት የመጨረሻው ሰው መሆን ያለበት የሐበሻ ሙስሊም ነው። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ሰሃቦች ከመካ ሸሽተው ባሕር ሲሻገሩ ለነጃሺ ሕዝብ ፍጹም እንግዶች ነበሩ፤ ቋንቋቸው ሌላ፣ ሃይማኖታቸው ሌላ። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ባልደረባቸውን በስጦታ አስይዘው ላኩ፤ መካ የምትታወቅበትን ቆዳ ይዘው። ሹማምንቱን አስቀድመው በስጦታ አባበሉ፤ እነሱም «ይሰጧቸው» ብለው መከሩ። ለንጉሡ ጥቅሙ ግልጽ ነበር። ስጦታ አለ፣ ከመካ መሪዎች ጋር ወዳጅነት አለ፣ የሹማምንቱ ፍላጎት አለ። በሌላው ወገን ያሉት ምንም የሌላቸው ስደተኞች ናቸው። ነጃሺ ግን ሳይሰሟቸው አሳልፈው እንደማይሰጡ ተናገሩ። አስጠርተው ጠየቁ፤ ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ተናገሩ፣ ከሱረቱ መርየምም ቀሩላቸው። ንጉሡ አለቀሱ፤ ስጦታውንም መለሱ። ይህን ያስተላለፉልን እዚያው የነበሩት እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናቸው።

ዲናችን በምድራችን ላይ የተረፈው፣ አንድ ሰው «የእኔ ወገን አይደሉም» ስላላለ ነው። ዛሬም ስንቶቻችን እህት ሪያድ ወይም ዱባይ፣ ወንድም ሌላ አገር አለን? እህታችን ቋንቋውን በማታውቀው ጎዳና ላይ ብትወድቅ፣ ማን እንዲያነሳት እንመኛለን? «የእኛ ሰው ናት?» ብሎ የሚጠይቀውን ወይስ ሳይጠይቅ የሚያጎነብሰውን?

ታዲያ ጥንቃቄስ?

አንድ ቅን ጥያቄ ይቀራል። «ሁሉንም እንግዳ አምኜ ልሂድ? በሌሊት የማላውቀውን ሰው መኪና ውስጥ ላስገባ?» አይደለም። ሸሪዓ ራስን ወደ ጥፋት መጣል ከልክሏል። ዋና የማይችል ሰው ባሕር ውስጥ ቢዘል ሁለት ጀናዛ ይሆናል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 575 የሚቀጣው፣ ሕይወቱ ከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው በራሱ ወይም በሌላ ላይ አደጋ ሳይደርስ መርዳት እየቻለ አውቆ ጥሎ የሄደን ነው። ሕጉ ቢያንስ ይህን ያህል ይጠይቀናል፤ ዲናችን ደግሞ ከዚህ በላይ ከፍ እንድንል ይጋብዘናል።

ጥንቃቄንና ሰበብን የምንለይበት ቀላል መለኪያ አለ። ጥንቃቄ የምንረዳበትን መንገድ ይለውጣል፤ ሰበብ ግን እርዳታውን ራሱን ይሰርዘዋል። ጥሬ ገንዘብ መስጠት የሚያጠራጥር ከሆነ፣ ጥንቃቄ «ምግቡን ገዝተህ ስጠው፤ መድኃኒት ቤቱ ድረስ አብረኸው ሂድ» ይላል። ሰበብ «ተወው» ይላል። ብቻዋን ያለች እህት መቅረብ ብትፈራ፣ ጥንቃቄ «ሁለት ሰው ጥሪ፤ ከሩቅ ሆነሽ ደውይ» ይላታል። ሰበብ «አንገትሽን አዙሪ» ይላታል። የወደቀውን ለማንሳት «ይይዙኛል» ብለን ብንፈራ፣ ጥንቃቄ «አንተ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበስከው፣ ና አብረን እናንሳው» ማለት ነው። ምስክርም ረዳትም አገኘን ማለት ነው። ሙሳም (ዐ.ሰ) መጀመሪያ ጉዳዩን ጠየቁ፣ አደረጉ፣ ከዚያ ዘወር አሉ። እዝነት ዓይኑን ጨፍኖ አይሄድም።

ለአጅር ብሎ መርዳትስ የራስ ጥቅም አይደለም?

አንዳንድ ወጣቶች ይህን ሲጠይቁ ይሰማል። «ጀነትን ፈልጌ ከረዳሁ፣ ያው ለራሴ አይደል?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ሁለት ዓይነት ጥቅም አለ። ከየቲሞቹ የግድግዳ ዋጋ ብቀበል እኔ ያገኘሁትን እነሱ ያጡታል። ከአላህ ብጠብቅ ግን የእርሱ ካዝና አይጎድልም፤ ከተረዳው ሰው ላይም አንድ ሳንቲም አይነሳም። ኢስላም ከውስጣችን ፍላጎትን አጥፉ አላለንም። ማንንም ወደማይጎዳበት ቦታ አዛወረልን።

ሱረቱል ኢንሳን (76፡8-9) ምግቡን እየወደዱት ለድሃ፣ ለየቲምና ለምርኮኛ ስለሚያበሉ ሰዎች ሲናገር፣ ከሚያበሏቸው ሰዎች ክፍያም ሆነ ምስጋና እንደማይፈልጉ ይገልጻል። ምስጋና እንኳ! ይህ በዘመናችን ከባድ ነው። የተቸገረን ሰው ፊት እየቀረጹ መስጠት ተለምዷል። ለበጎ ያሰበበት ሊኖር ይችላል፤ ግን እስቲ እናስብ፣ ያ ሰው ለአንድ ኪሎ ዘይት የከፈለው ምንድን ነው? ፊቱን ነው። ሰፈሩ የሚያውቀውን፣ ልጆቹ የሚያዩትን ፊቱን። ዋጋ ከተቀበልንበት ሽያጭ ሆነ ማለት ነው።

ደግሞ «የሰጠ ሁሉ እዚሁ ዱንያ ላይ እጥፍ ያገኛል» ብለን ራሳችንን አናታልል። ሙሳ (ዐ.ሰ) ከውኃው በኋላ መጠለያ፣ ሥራና ቤተሰብ አገኙ፤ አልሐምዱሊላህ። ግድግዳውን ያቀኑት ግን ከከተማዋ ሳይበሉ አለፉ። የቲሞቹ አድገው ሀብታቸውን ሲያወጡ ግድግዳቸውን ማን እንዳቆመላቸው ማወቃቸው እንኳ አልተነገረንም። ሁለቱም ታሪኮች በአንድ ቁርኣን ውስጥ ናቸው። አንዳንዱ መልካም ሥራ ቶሎ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከአላህ በቀር ማንም ሳያውቀው ይቀራል። ለሁለቱም ዝግጁ መሆን ነው ኢኽላስ።

እስከሚቀጥለው ጁምዓ

ሦስት ትንንሽ ነገሮች እናድርግ። አንደኛ፣ 907ን ስልካችን ላይ አሁን እንመዝግብ። ሁለተኛ፣ የሚጥል በሽታ የተነሳበትን ሰው እንዴት እንደምንረዳ ለአንድ ቤተሰባችን እናስረዳ፤ «ክብሪት» የሚለው ሰው አንድ ይቀንስ። ሦስተኛ፣ ኒያችንን አስቀድመን እንነይት። ሰው ሲወድቅ ለማሰብ ጊዜ አይኖርም፤ ነፍሲያ ሰበቧን ይዛ ቀድማን ትደርሳለች። ዛሬ፣ ልባችን በተረጋጋበት ሰዓት፣ «የማላውቀው ሰው ፊቴ ቢወድቅ መጀመሪያ የምነሳው እኔ እሆናለሁ ኢንሻአላህ» ብለን ከወሰንን ግን ያኔ የሚቀረን መፈጸም ብቻ ነው።

ያ አላህ! ልባችን ውስጥ ያኖርከውን እዝነት ወደ እጃችን አድርስልን። በበደሉን ሰዎች ምክንያት ያልበደሉንን ከመቅጣት ጠብቀን። በጎዳና የወደቀውን አንሳ፣ የታመመውን አሽር፣ በስደት ያሉ እህቶቻችንንና ወንድሞቻችንን ደግ ሰው አጋጥማቸው። እኛንም ለሌላው ያ ደግ ሰው አድርገን። አሚን።

በነቢያችን ሙሐመድ ላይ ሰለዋት ማብዛቱን አንርሳ፤ አላሁመ ሰሊ ወሰሊም ዓላ ነቢዪና ሙሐመድ። ወላሁ አዕለም።